የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን ህዋሳት በብግነትና በበሽታ መከላከል ያላቸው ድርሻ

መግቢያ

አንድ አዋቂ ሰው በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። ከዚህ አየር ጋር አቧራ፣ ጭስ፣ የዕፅዋት ብናኝ፣ ባክቴሪያና ቫይረስ አብረው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ባዕድ ነገር በየቀኑ እየገባ አብዛኛው ሰው ሳይታመም የሚውለው፣ ከአፍንጫ ጀምሮ እስከ መጨረሻዎቹ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ የመተንፈሻ አካላትን ከውስጥ የሸፈኑ ህዋሳት ያለማቋረጥ ስለሚሠሩ ነው።

እነዚህ ህዋሳት ለረጅም ጊዜ እንደ ግድግዳ ልስን ብቻ ይታዩ ነበር። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ግን ሽፋኑ አደጋን የሚለይ፣ ማስጠንቀቂያ የሚያሰማ፣ ጀርም የሚገድል፣ የነጭ የደም ህዋሳትን የሚጠራና ጉዳቱንም ራሱ የሚጠግን የበሽታ መከላከል ሥርዓት አካል መሆኑን አረጋግጠዋል። ይህ ጽሑፍ የሽፋኑን አሠራር፣ ብግነት መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው የሚኖረውና የሚሠራው ኅብረተሰብ ሽፋኑን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ያስረዳል።

የሽፋኑ አሠራርና ክፍሎቹ

የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይታያል። የመጀመሪያው የአየር ቧንቧዎች ሽፋን ሲሆን አራት ዓይነት ህዋሳት በብዛት ይገኙበታል።

• ባለ ሲሊያ ህዋሳት፦ እያንዳንዳቸው በጫፋቸው 200 ያህል እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ዘንጎች አሏቸው። ዘንጎቹ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ በኅብረት እየተወዛወዙ ንፍጥን ከታች ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ።
• ንፍጥ አመንጪ ህዋሳት፦ አቧራና ጀርም የሚጣበቅበትን ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫሉ።
• ክለብ ህዋሳት፦ በተለይ በጠባቦቹ ቧንቧዎች ውስጥ ይገኛሉ፤ መከላከያ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ።
• መሠረታዊ ህዋሳት፦ ከሽፋኑ ሥር ተቀምጠው የተጎዱትን የሚተኩ አዳዲስ ህዋሳት ያፈራሉ።

ሁለተኛው የአየር ከረጢቶች ሽፋን ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉ። ከረጢቶቹን የሚሸፍኑት ህዋሳት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት እጅግ ስስና ሰፊ ሲሆን 95 በመቶ የሚሆነውን ገጽ ይሸፍናል፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጉብ ያለ ህዋስ ሲሆን ሰርፋክታንት የተባለውን፣ ከረጢቶቹ በየትንፋሹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ቅባት መሰል ፈሳሽ ያመነጫል። አንደኛው ዓይነት ሲጎዳም ሁለተኛው እየተባዛና እየተለወጠ ቦታውን ይሸፍናል።

የሰርፋክታንት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ያለጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ህዋስ በቂ ሰርፋክታንት የሚያመነጨው በእርግዝናው መገባደጃ ሳምንታት በመሆኑ፣ ቀድመው የሚወለዱ ሕፃናት ሳንባቸው በቀላሉ አይከፈትም። ያለጊዜው የመውለድ አደጋ ያጋጠማት ነፍሰ ጡር ፈጥና ወደ ጤና ተቋም እንድትደርስ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከወሊድ በፊት በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት የሕፃኑን ሳንባ ለማዳበር ይረዳል።

ሽፋኑ በሽታን የሚከላከለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ ሽፋኑ አጥር ነው። ህዋሳቱ ጎን ለጎን በጠንካራ ማያያዣ ፕሮቲኖች ስለተሳሰሩ ጀርም በመካከላቸው ሾልኮ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ሽፋኑ ጠራጊ ነው። በንፍጥ የተያዘው አቧራና ጀርም በሲሊያ እየተገፋ ጉሮሮ ሲደርስ ይዋጣል ወይም በአክታ መልክ ይወጣል። በእህል በረንዳ ወይም በበርበሬ ተራ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ የሚተፋው አክታ አቧራ ወይም በርበሬ የመሰለ ቀለም የሚይዘው ይህ የጽዳት ሥራ ስለተከናወነ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሽፋኑ ጀርም ገዳይ ነው። ህዋሳቱ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚሰብረውን ላይሶዛይም፣ ባክቴሪያ ብረት እንዳያገኝ የሚያደርገውን ላክቶፌሪን፣ እንዲሁም ዲፌንሲን የተባሉ አጫጭር ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። በሰርፋክታንት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖችም በጀርም ላይ እየተለጠፉ፣ ማክሮፋጅ የተባሉት የሳንባ ጠባቂ ህዋሳት በቀላሉ እንዲውጡት ያደርጋሉ። ሽፋኑ ከሥሩ የሚመረተውን የመከላከያ ፕሮቲን ተቀብሎ ወደ አየር ቧንቧው ውስጥ ያሳልፋል፤ ይህም ጀርሙ ከህዋስ ጋር ሳይጣበቅ እንዲወገድ ይረዳል።

በአራተኛ ደረጃ ሽፋኑ አስጠንቃቂ ነው። በህዋሳቱ ገጽና ውስጥ የባክቴሪያና የቫይረስን መለያ የሚያውቁ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። አንድ ተቀባይ የባክቴሪያን መዋኛ ጅራፍ፣ ሌላው የባክቴሪያን ውጫዊ ሽፋን፣ ሌሎቹ ደግሞ የቫይረስን የዘር ቅንጣት ይለያሉ። ምልክቱ እንደታወቀ ህዋሱ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ቦታው ይጠራሉ፤ ኢንተርፌሮን የተባሉት ደግሞ ጎረቤት ህዋሳት ቫይረሱ እንዳይባዛባቸው አስቀድመው እንዲዘጋጁ ያስጠነቅቃሉ።

ብግነት መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

ብግነት ማለት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ህዋሳት ወደ ተጎዳው ቦታ ይገባሉ፣ ጀርሙ ይዋጣል፣ የሞቱ ህዋሳት ይጸዳሉ፣ ከዚያም ጥገናው ይጀመራል። በመጠኑና በጊዜው የሚቆም ብግነት ሕይወት አዳኝ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ብግነቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። በአየር ከረጢቱና በደም ሥሩ መካከል ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ከረጢቱ በአየር ፋንታ በፈሳሽ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ቢተነፍስም ኦክስጅን ወደ ደሙ አይደርስም። ሁለተኛው ብግነቱ ሳይቆም ሲቀር ነው። በየቀኑ ጭስ ወይም አቧራ የሚነካው ሽፋን በየቀኑ ማስጠንቀቂያ ያሰማል። ንፍጥ አመንጪ ህዋሳት ይበዛሉ፣ ባለ ሲሊያ ህዋሳት ይመናመናሉ፣ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ መተላለፊያውም ይጠባል። በብዙ ዓመታት ውስጥ ይህ ሂደት ወደ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ መጥበብ ሊያመራ ይችላል።

የኅዳር በሽታ ያስተማረው

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ በሕዝቡ ዘንድ የኅዳር በሽታ በመባል ይታወቃል። በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ነበር። በከተማይቱ ብቻ እስከ 10,000 የሚደርሱ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። የበሽታው ምክንያት የሆነው ዓይነት ቫይረስ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በዚያን ጊዜ ሕዝቡም ሆነ ሐኪሞቹ የሚያውቁት በሽታውን እንጂ ጀርሙን አልነበረም።

በተለያዩ አገሮች ከዚያ ወረርሽኝ ሟቾች ተወስደው የተቀመጡ የሳንባ ናሙናዎች ከዓመታት በኋላ በአጉሊ መነጽር ሲመረመሩ አንድ ቁም ነገር ተገልጧል። ቫይረሱ የአየር ቧንቧዎችን ሽፋን ገፍፎ ነበር። ጠራጊው ሲሊያ ሲጠፋና አጥሩ ሲፈርስ፣ በጤናማ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ ወርደው ከባድ የሳንባ ምች አስከትለዋል። ለአብዛኞቹ ሞት ቅርብ ምክንያት የሆነው ይኸው ተከታይ የባክቴሪያ ምች እንደሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ከቀነሰ በኋላ ሽፋኑ እስኪታደስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለውጥ አሳይቶ የነበረ ሕመምተኛ እንደገና ትኩሳት፣ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው «ጉንፋኑ አገረሸ» ብሎ በቤት መቆየት አይገባውም።

ኅዳር ሲታጠንና ጭስ

የኅዳር በሽታን መታሰቢያ በማድረግ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ በየሰፈሩ ይቃጠላል። አባቶችና እናቶች አካባቢን ለማጽዳትና በሽታን ለማራቅ አስበው ያቆዩት ልማድ ነው። ሰፈርን በኅብረት የማጽዳት ዓላማው ሊመሰገንና ሊቀጥል ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጭስ የመተንፈሻ በሽታን አያባርርም፤ ይልቁንም በሽታን የሚከላከለውን ሽፋን ያዳክማል።

በቀድሞው ዘመን ይቃጠል የነበረው በአብዛኛው ቅጠላ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ዛሬ ግን በቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋንና ቀለም የተቀባ እንጨት ይገኛል። የእነዚህ ጭስ ከመርዛማ ጋዞች በተጨማሪ መጠናቸው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ብናኞችን ይይዛል። ብናኞቹ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከ20 ጊዜ በላይ የቀጠኑ ስለሆኑ ንፍጡና ሲሊያው ሳይዛቸው እስከ አየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። እዚያም ሁለቱን የከረጢት ህዋሳትና ማክሮፋጆችን በማስቆጣት ብግነት ያስነሳሉ። አስም ያለበት ሰው በማግስቱ ሕመሙ ሊነሣበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ዕለቱን ቆሻሻን በመለየት፣ በማንሣትና ወደ ተገቢው ቦታ በማስወገድ ማሰብ ለሳንባ የተሻለ ነው።

በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው የሚታዩ ተጋላጭነቶች

ተክለ ሃይማኖት ከመርካቶ ጋር የተጎራበተ፣ የተሽከርካሪና የእግረኛ እንቅስቃሴ የሚበዛበት፣ ነዋሪውና ነጋዴው ተጠጋግቶ የሚኖርበት አካባቢ ነው። የሳንባን ሽፋን የሚፈታተኑ ነገሮች ከሥራና ከኑሮ ጋር ተያይዘው ይገኛሉ።

የተሽከርካሪ ጭስ፦ ያረጁ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ጥቀርሻ ያለው ጭስ ይለቃሉ። በአደባባዩና በዋና መንገዶች ዳር ቀኑን ሙሉ የሚውሉ የጎዳና ነጋዴዎች፣ ተራ አስከባሪዎች፣ የታክሲ ረዳቶችና የትራፊክ ፖሊሶች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

የእህልና የቅመም ብናኝ፦ በእህል በረንዳ፣ በበርበሬ ተራና በየወፍጮ ቤቱ የሚሠሩ ሰዎች የሚተነፍሱት ብናኝ ከዕፅዋት ክፍሎች በተጨማሪ የሻጋታ ዘርና የባክቴሪያ ስብርባሪ ይይዛል። የሽፋኑ ተቀባዮች ይህን ስብርባሪ እንደ ሕያው ጀርም ስለሚቆጥሩት ሰውየው ሳይለከፍም ብግነት ይነሣል። ከሥራ በኋላ ደረት መጨነቅ፣ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ሲደጋገሙ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ ሲቀንሱ ምክንያቱ ሥራው ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

የብረታ ብረት ሥራ፦ በምናለሽ ተራና በየጋራዡ ብረት የሚቆርጡ፣ የሚሞርዱና የሚበይዱ ሠራተኞች የብረት ጢስና ደቃቅ ብናኝ ይተነፍሳሉ።

የቤት ውስጥ ጭስ፦ በጠባብ ክፍል ውስጥ በከሰል ወይም በእንጨት ማብሰል እናቶችንና አብረዋቸው የሚውሉ ሕፃናትን ይጎዳል። የከሰል ጭስ በዓይን ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በኮንዶሚኒየም ቤቶች መስኮትና በር ዘግቶ ከሰል ማያያዝ፣ ፍም ያለበትን ምድጃ ይዞ መተኛትም ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ትምባሆ፦ የትምባሆ ጭስ የሲሊያን እንቅስቃሴ ያዳክማል፤ ሲቆይም ባለ ሲሊያ ህዋሳትን በሌላ ዓይነት፣ መጥረግ በማይችል ሽፋን እንዲተኩ ያደርጋል። አጫሾች በጠዋት የሚያስሉት ሌሊቱን የተጠራቀመውን ንፍጥ ሲሊያው መግፋት ስለተሳነው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ ዝግ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል።

ሽፋኑን የሚያጠቁ ዋና ዋና በሽታዎች

የሕፃናት የሳንባ ምች፦ የሕፃናት የአየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት እብጠትና ንፍጥ እንኳ ትንፋሻቸውን ያግዳል። አገራችን ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለውን ክትባት በ2007 እ.ኤ.አ.፣ የኒሞኮከስ ክትባትን ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አስገብታለች። ክትባቶቹ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

የሳንባ ነቀርሳ፦ የነቀርሳ ባክቴሪያ የያዙ ጥቃቅን ጠብታዎች በአየር ላይ ተንሳፍፈው እስከ አየር ከረጢት ይደርሳሉ። ባክቴሪያውን በመጀመሪያ የሚውጡት ማክሮፋጆች ናቸው፤ የከረጢቱ ሁለተኛ ዓይነት ህዋሳትም ሊለከፉና መልእክተኛ ፕሮቲኖችን በመልቀቅ የመከላከሉ ሥራ ተሳታፊ ሊሆኑ ይችላሉ። በአብዛኛው ሰው ባክቴሪያው በህዋሳት ተከቦ ታፍኖ ይቀራል። የመከላከል አቅም ሲዳከም፣ በምግብ እጥረት፣ በስኳር ሕመም ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት፣ ታፍኖ የነበረው ባክቴሪያ ይነቃል። ምርመራውና ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

ኮቪድ-19፦ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደርጓል። ቫይረሱ በአፍንጫ ባለ ሲሊያ ህዋሳትና በአየር ከረጢት ሁለተኛ ዓይነት ህዋሳት ላይ በሚገኝ አንድ ፕሮቲን በኩል ይገባል። በጽኑ ከታመሙት መካከል ብዙዎችን የጎዳቸው ከልክ ያለፈው ብግነት ነበር። ዴክሳሜታሶን የተባለው ብግነት ቀናሽ መድኃኒት ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ሕመምተኞች ሞት መቀነሱ፣ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አለማሳየቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ብግነትን ያለጊዜው ማፈን የመከላከሉን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ይህን መሰል መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አይገባም።

አስም፦ በአስም ሕመምተኞች ሽፋኑ ለአቧራ፣ ለጭስ ወይም ለብርድ ከሚገባው በላይ ይቆጣል። ህዋሳቱ የሚለቁት ማስጠንቀቂያ የአለርጂ ህዋሳትን ይጠራል፤ ቧንቧውም ያብጣል፣ ይኮማተራል። ወደ ውስጥ የሚሳቡ ብግነት ቀናሽ መድኃኒቶች በትእዛዙ መሠረት በየቀኑ መወሰድ ያለባቸው፣ ሕመሙ ባልተነሣበት ቀንም ብግነቱ ከሥር ስለሚቀጥል ነው።

ሽፋኑን ለመጠበቅ የሚመከሩ ተግባራት

• የሕፃናትን ክትባት በወቅቱ ማስጨረስ፤ ሕፃናትን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ መመገብ።
• ምግብን በኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ማብሰል፤ ይህ ካልተቻለ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ መስኮትና በር ከፍቶ መጠቀም፤ ሕፃን አዝሎ ጭስ አጠገብ አለመቆም።
• ከመጥረግ በፊት ወለልን ወይም ደጃፍን ውኃ መርጨት፤ እህልና ቅመም የሚነፋበትን ቦታ አየር እንዲተላለፍበት ማድረግ።
• በብናኝና በብየዳ ሥራ ላይ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ማድረግ። ተራ ጨርቅ ትላልቁን አቧራ ቢቀንስም ደቃቁን አያስቀርም።
• ፕላስቲክና ጎማ በሰፈር ውስጥ አለማቃጠል።
• ትምባሆ ማቆም። ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ሲሊያው ሥራውን መልሶ ስለሚጀምር ሳል ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው የማገገም ምልክት ነው።
• በታክሲ ውስጥና ሰው በሚበዛበት ክፍል መስኮት መክፈት፤ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ አፍና አፍንጫን መሸፈን።

ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ሕፃን ሲሆን ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካልቻለ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ለነገ ሳይባል መወሰድ አለበት።

አዋቂ ሲሆን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ዕረፍት ላይ ሆኖም የሚታይ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የከንፈር መጥቆር ሲያጋጥም በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የበለጠ ምርመራ የሚያሻው ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ከየአካባቢው የሚላኩ ሕመምተኞችን ይቀበላል። ስለ ክትባት፣ ስለ ምድጃና ስለ ቤት አየር ምክር የሚፈልጉ ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማነጋገር ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የሳንባ ሽፋን አጥር፣ ጠራጊ፣ ጀርም ገዳይና አስጠንቃቂ ነው። ብግነትን የሚቀሰቅሰውም፣ ሲያበቃ ጥገናውን የሚያከናውነውም ይኸው ሽፋን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የደረሰው እልቂት ይህ ሽፋን ሲገፈፍ ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ክትባት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ኦክስጅን ዛሬ አሉ። ይሁንና የቤትን፣ የሥራ ቦታንና የሰፈርን አየር ንጹሕ ማድረግ የእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ አሠሪና ነዋሪ የጋራ ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል።